ድምፅ ሰጪው የሚሸጠው ምኑን ነው? በግል የሚሠሩ የድምፅ ባለሙያዎች የገበያ ፈተና

ስለ ድምፅ ሥራ፣ ማለትም ለማስታወቂያ፣ ለትረካና ለመሳሰሉት ድምፅን እየሰጡ ስለ መሥራት፣ የሚነገረው ወሬ ሁለት ጫፍ ላይ ቆሟል። አንዱ ወገን «ደህና ድምፅ ካለህ ማይክ ግዛ፤ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትሠራለህ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) መጥቷል፤ ከእንግዲህ ለሰው ድምፅ ማን ይከፍላል?» ይላል። ሁለቱም ጥቂት ጥቂት እውነት ይዘዋል። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ዘለው ነው የሚያልፉት፤ ድምፅ ሰጪው ለደንበኛው የሚሸጠው በትክክል ምኑን ነው?

«ጊዜውን» የሚለው መልስ ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል። «ችሎታውን» የሚለውም እንዲሁ። የገበያውን አሠራር ቀረብ ብሎ ላየው ግን ትልቁ ሸቀጥ ሌላ ነው፤ ፈቃድ። የተቀረጸው ድምፅ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚወስን ፈቃድ። በዚህ ሙያ የሚሰሙት አብዛኞቹ እሮሮዎች፣ የኤአዩንም ጨምሮ፣ ወይ ይህ ፈቃድ ሳይታሰብበት በመሰጠቱ ወይ ሳይጠየቅ በመወሰዱ የመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እናጥራ። ቮይስ ኦቨር ማለት ተናጋሪው ሳይታይ ድምፁ ብቻ የሚሰማበት ሥራ ነው። ማስታወቂያ፣ ዘጋቢ ፊልም፣ የመጽሐፍ ትረካ፣ የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ፣ የስልክ መልስ ሰጪ፣ የሥልጠና ቪዲዮ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ፍሪላንሰር የሚባለው ደግሞ ቋሚ ቅጥር የሌለው፣ ሥራ በመጣ ቁጥር እየተዋዋለ የሚከፈለው ሰው ነው። ሻጩም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ ዕዳ ሰብሳቢውም እሱ ራሱ ነው።

ማንበብ ሌላ፣ መጠቀም ሌላ

አንድ የ30 ሰከንድ ጽሑፍ እንውሰድ። ልምድ ያለው ሰው ደጋግሞ አንብቦ እንኳ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ይህ ድምፅ አንድ ድርጅት ለራሱ ሠራተኞች በሚያሳየው ቪዲዮ ውስጥ ቢገባ የሚሰሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ያው 30 ሰከንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አገር ምድሩ ቢሰማው ግን ነገሩ ይለወጣል። የአንባቢው ልፋት አንድ ነው። ደንበኛው የሚያገኘው ጥቅም ግን በእጅጉ ይለያያል።

በዳበሩ ገበያዎች ሒሳቡ ሁለት ክፍል ያለው ለዚህ ነው። አንደኛው የቀረጻ ክፍያ ነው፤ ስቱዲዮ ገብቶ ለማንበብ የሚከፈል። ሁለተኛው የአጠቃቀም ክፍያ ነው፤ ድምፁ በየትኛው ሚዲያ፣ በምን ያህል ስፋት፣ ለስንት ወራት እንደሚሰማ ታይቶ የሚሰላ። ጊዜው ሲያልቅ ደንበኛው መቀጠል ከፈለገ ያድሳል።

የአጠቃቀም ክፍያው ሌላም ምክንያት አለው። የአንድ ባንክ መለያ የሆነን ድምፅ ሌላ ባንክ አይቀጥረውም። ድምፅ ሰጪው አንዱን ሲቀበል በዚያው ዘርፍ ያሉትን ሌሎች በሮች እየዘጋ ነው። የተዘጋው በር ዋጋ በደቂቃ ሒሳብ ውስጥ አይታይም።

ችግሩ ሁለተኛው ክፍያ በብዙ ሥራዎች ላይ ጨርሶ የማይነሳ መሆኑ ነው። ባይአውት የሚባል የውል ዓይነት አለ፤ ደንበኛው አንዴ ከፍሎ ሁሉንም መብት ይጠቀልላል። ውሉ ውስጥ «በማንኛውም ሚዲያ፣ ለዘለቄታው» የሚል ሐረግ ካለ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ድምፅ በማይታወቅ ምርት ላይ ቢሰማ ተናጋሪው የሚለው የለውም።

የደንበኛው ክርክርም መሰማት አለበት። «ግድግዳ ለቀባልኝ ሰው በየዓመቱ አልከፍልም፤ ለድምፅ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ጥያቄው ተራ አይደለም። አንድ አነስተኛ ንግድ ቤት በየስድስት ወሩ የሚታደስ ፈቃድ መከታተል አይችልም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አንድ ጊዜ የሚከፈል ቁርጥ ዋጋ ለሁለቱም ይሻላል። ለውስጥ አገልግሎት የሚውሉ ቪዲዮዎችና የመጽሐፍ ትረካዎችም አብዛኛውን ጊዜ የአጠቃቀም ክፍያ አይታሰብላቸውም። አደገኛው ነገር ቁርጥ ዋጋ መሆኑ ሳይሆን፣ ስፋቱ ሳይነገር ቁርጥ ዋጋ መሆኑ ነው።

አንድ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ሁለተኛው የሒሳብ ስህተት የሥራ ጊዜ ላይ ነው። በመጽሐፍ ትረካ ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው «በተጠናቀቀ ሰዓት» ነው። ይኸውም ተስተካክሎ ለአድማጭ የቀረበው ድምፅ ርዝመት ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ትረካ ፍጥነት በደቂቃ ወደ 150 ቃል ነው። አንድ ሰዓት ወደ 9,000 ቃል ይይዛል ማለት ነው። 90,000 ቃል ያለው ልቦለድ 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ለእያንዳንዷ የተጠናቀቀች ሰዓት ግን አስቀድሞ ማንበብ አለ። የስሞችን አጠራር ማጣራት፣ መቅረጽ፣ የተሳሳተውን መድገም፣ ትንፋሽና የአፍ ድምፅ ማጽዳት፣ ቁጭ ብሎ መልሶ ማዳመጥ አለ። ሁሉንም ብቻውን የሚሠራ ሰው ለአንዲት ሰዓት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቢፈጅበት የተለመደ ነው። ስለዚህ ያ የ10 ሰዓት መጽሐፍ ከ40 እስከ 60 ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው። ክፍያውን እንደ ተራ የሰዓት ደመወዝ ቆጥሮ የተስማማ ሰው፣ ሳያውቀው ዋጋውን ለአምስት አካፍሎታል።

በዚህ ላይ ሮያሊቲ የመጋራት አማራጭ አለ። ሮያሊቲ ከሽያጭ የሚገኝ ድርሻ ነው። የአማዞን ንብረት የሆነው የድምፅ መጻሕፍት ሻጭ ኦዲብል በ2011 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በከፈተው ኤሲኤክስ በተባለው መድረክ ላይ፣ ደራሲውና ተራኪው ቅድመ ክፍያ ሳይኖር ድርሻቸውን እኩል መካፈል ይችላሉ። መጽሐፉ ከተሸጠ ለዓመታት የሚንጠባጠብ ገቢ ነው። ካልተሸጠ ደግሞ ተራኪው የሳምንታት ሥራውን በነጻ ሰጠ። የንግዱ ስጋት ግማሹ ወደ ተራኪው ዞሯል ማለት ነው፤ ተራኪው ግን መጽሐፉን የማስተዋወቅ አቅም እምብዛም የለውም።

«ማይክ ግዛ» የሚለው ምክር የሚፈተነውም እዚሁ ጋ ነው። ኤሲኤክስ የሚቀበለው የድምፅ መጠን፣ ዜሮ የመጨረሻው ከፍታ በሆነበት የዴሲቤል መለኪያ፣ በአማካይ ከ23 እስከ 18 ዴሲቤል ከዜሮ በታች የሆነውን ነው። የክፍሉ ጸጥታ ደግሞ ከዜሮ በታች 60 ዴሲቤል ወይም ከዚያም ያነሰ መሆን አለበት። በቀላል ቋንቋ፣ ሰውየው ዝም ሲል ምንም ነገር መሰማት የለበትም። ፍሪጅ፣ የኮምፒውተር ማራገቢያ፣ የጎረቤት ውሻ ሁሉም ጠላት ናቸው። ውድ ማይክ ይህን አያስተካክልም፤ እንዲያውም ትንሹን ድምፅ ሁሉ ስለሚይዝ የጎረቤቱን ውሻ አጥርቶ ያነሳዋል። ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ክፍሉ ላይ ነው።

የማይከፈልበት ሌላ ሰዓት ደግሞ ሙከራው ነው። ሥራ ለማግኘት ናሙና እያነበቡ መላክ የሙያው የዕለት ተዕለት ግዴታ ነው። ከብዙ ናሙና አንዱ ቢሳካ ነው። ማስተካከያም አለ። አንባቢው ከተሳሳተ በነጻ መድገሙ ተገቢ ነው። ደንበኛው ከቀረጻ በኋላ ጽሑፉን ከቀየረ ግን ያ አዲስ ሥራ ነው። ይህ ልዩነት በጽሑፍ ካልሰፈረ «አንዴ ብቻ ቶሎ አንብብልኝ» የሚለው ልመና ማለቂያ የለውም።

በመካከል ያለው መድረክ

ደንበኛና ድምፅ ሰጪ ዛሬ የሚገናኙት በአብዛኛው በኢንተርኔት መድረኮች ነው። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከእያንዳንዱ ሥራ ኮሚሽን ይቆርጣል። ለምሳሌ ፋይቨር ከሻጩ ገቢ ላይ 20 በመቶ ይወስዳል። የ100 ዶላር ሥራ 80 ይሆናል፤ የማስተላለፊያና የምንዛሪ ወጪው ገና አልተነካም። ሌላው ዓይነት ዓመታዊ የአባልነት ክፍያ ያስከፍላል። የሚከፈለው ለሥራው አይደለም፤ ለሥራው ለመወዳደር ነው።

መድረኮቹን እንደ ደም መጣጭ ብቻ የሚያዩ አሉ። ሙሉ በሙሉ ልክ አይመስሉኝም። ስቱዲዮ ውስጥ ዘመድ የሌለው ጀማሪ በሌላ አህጉር ያለ ደንበኛ ያገኘው በእነሱ ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ተይዞ ሥራው ሲያልቅ መለቀቁም ትልቅ ጥበቃ ነው። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ድምፆች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ለደንበኛው ዓይን መጀመሪያ የሚገባው ዋጋው ነው። ዋጋውን የሚቀንስ ሁልጊዜ ይገኛል። የመድረኩ ደረጃ አሰጣጥ በተቀየረ ማግስት ደግሞ የአንድ ሰው ገቢ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ደንበኞቹ የመድረኩ እንጂ የእሱ አይደሉምና።

«ታዲያ ተሰብስበው አንድ ዋጋ ለምን አያወጡም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ያስገርማል፤ ሕግ ሊከለክላቸው ይችላል። ፍሪላንሰር በሕግ ዓይን ሠራተኛ ሳይሆን እንደ አንድ ትንሽ ድርጅት ይታያል። ድርጅቶች ተመካክረው ዋጋ ሲቆርጡ ደግሞ በብዙ አገሮች የውድድር ሕግ ጥፋት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በመስከረም 2022 ባወጣው መመሪያ፣ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች በተወሰኑ ሁኔታዎች በጋራ ቢደራደሩ በዚህ ሕግ እንደማይጠየቁ ገልጿል። በሌሎች ቦታዎች ክፍተቱ የሚሞላው በዋጋ ጠቋሚ ሰነዶች ነው። ግሎባል ቮይስ አክቲንግ አካዳሚ የሚያወጣው ጠቋሚ በስፋት ይጠቀሳል። ጠቋሚ እንጂ ታሪፍ አይደለም፤ በዋናነትም የሰሜን አሜሪካን ገበያ ያያል።

ክፍያው ለምን ይዘገያል?

አንድ ማስታወቂያ ሲሠራ ገንዘቡ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ምርቱ ያለው ኩባንያ ለማስታወቂያ ድርጅቱ ይከፍላል። ድርጅቱ ለስቱዲዮው፣ ስቱዲዮው ለድምፅ ሰጪው። እያንዳንዱ የላይኛው እስኪከፍለው ይጠብቃል። ሠላሳ፣ ስድሳ፣ ዘጠና ቀን የሚል ቀጠሮ የሚመጣው ከዚህ ነው። የመጨረሻው ሰው ሳይወድ በግድ ለሁሉም ብድር የሰጠ ያህል ይሆናል።

አንዳንድ ቦታ ሕግ ጣልቃ ገብቷል። የኒውዮርክ ከተማ በ2017 ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ የፍሪላንስ ሥራ የጽሑፍ ውል ግዴታ ነው። ውሉ የመክፈያ ቀን ካልጠቀሰ ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። በ2024 በኒውዮርክ ግዛት በሙሉ ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ካሊፎርኒያም ከጥር 2025 ጀምሮ ከ250 ዶላር ለሚነሱ ሥራዎች ተከትላለች።

እነዚህ ሕጎች ድንበር ሲሻገሩ ይደክማሉ። ደንበኛው በሌላ አገር ከሆነ የክስ ወጪው ከዕዳው ይበልጣል። ስለዚህ ከፍርድ ቤት ይልቅ ውሉ ራሱ መሥራት አለበት። ቀብድ መቀበል አንድ መላ ነው። የበለጠ ኃይል ያለው ግን «የመጠቀም ፈቃዱ የሚጸናው ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያልከፈለ ደንበኛ በዚህ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ዕዳ ያለበት ሰው ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ያለ ፈቃድ የሰው ሥራ የሚጠቀም ይሆናል። ድምፁ የሚተላለፍበት ጣቢያ ወይም የቪዲዮ መድረክ ዕዳ አስከፍልልኝ ቢባል አይሰማም፤ የፈቃድ ቅሬታን ግን ቸል ለማለት ይከብደዋል።

ማሽኑ የቀዳው ድምፅ

አሁን ወደ ኤአይ እንምጣ። ማይክሮሶፍት በጥር 2023 ያሳየው ቫል-ኢ የተባለ ሞዴል የአንድን ሰው ድምፅ ለመምሰል የ3 ሰከንድ ናሙና ይበቃው ነበር። ኦፕንኤአይ በመጋቢት 2024 ስለራሱ ቴክኖሎጂ ሲናገር የጠቀሰው 15 ሰከንድ ነው። ድምፅ ሰጪ ደግሞ ሥራ ለማግኘት ከዚያ የሚበልጥ ናሙና በአደባባይ ያስቀምጣል። ያለ ናሙና ደንበኛ የለም፤ ናሙናው ግን ለቅጂም ይበቃል።

ይሁንና እስካሁን ጎልተው የወጡትን ጉዳዮች ስናይ አብዛኞቹ የጀመሩት በስርቆት አይደለም። በተከፈለበት ሥራ ነው። አሜሪካዊቷ ሱዛን ቤኔት በ2005 ለአንድ የድምፅ ቴክኖሎጂ ኩባንያ ለሳምንታት ዓረፍተ ነገሮች ሲያነቡ ቆዩ። በ2011 ድምፃቸውን የሰሙት በአፕል ስልክ ላይ ሲሪ የተባለው ተናጋሪ ረዳት ሆኖ ነው። ካናዳዊቷ ቤቭ ስታንዲንግ ለትርጉም አገልግሎት ብለው የቀረጹት ድምፅ የቲክቶክ ጽሑፍ አንባቢ ሆኖ አገኙት። በ2021 ከሰሱ፤ ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ፤ ቲክቶክም ድምፁን ቀየረ።

ፖል ለርማንና ሊኒያ ሴጅ የተባሉ ባልና ሚስት ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። በፋይቨር በኩል ላነበቡት ጽሑፍ አንዳቸው 1,200 ዶላር፣ ሌላዋ 400 ዶላር ተከፈላቸው። ለለርማን የተነገራቸው ለጥናት ብቻ እንደሚውል ነው፤ ለሴጅ ደግሞ ለማስታወቂያ የሙከራ ጽሑፍ ነው ተባለ። በ2024 ሎቮ የተባለውን ኩባንያ ድምፃችንን ቀድቶ ሸጠ ብለው ከሰሱ። በሐምሌ 2025 የኒውዮርክ ዳኛ የክሱን ከፊል ውድቅ አደረጉ። የአንድ ሰው ድምፅ፣ ከተቀረጸው ቅጂ ተለይቶ፣ በቅጂ መብት አይጠበቅም አሉ። የውል ጥሰትና በግዛቱ የግል መብቶች ሕግ ላይ የተመሠረቱት ክሶች ግን እንዲቀጥሉ ፈቀዱ።

ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቅጂ መብት ሕጉ ድምፁን ሊያድን አልቻለም። ችሎት ፊት ከቀሩት አንዱ የውሉ ቃል ነው፤ «ለምን ይውላል?» ለሚለው ጥያቄ ገዥው የሰጠው መልስ።

ሕግ አውጪዎችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በቴነሲ ግዛት የሰው ድምፅ ከኤአይ ቅጂ የሚጠበቅበት ሕግ አለ። ከ2025 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የአንድን ሰው ዲጂታል ቅጂ ለመሥራት የሚፈቅድ የውል አንቀጽ አጠቃቀሙን በግልጽ ካልዘረዘረና ተዋዋዩ በጠበቃ ወይም በማኅበር ካልተወከለ አይጸናም። የአሜሪካ ተዋናዮች ማኅበር ሳግ-አፍትራ በቪዲዮ ጌም ኩባንያዎች ላይ ከሐምሌ 2024 እስከ ሰኔ 2025 ያደረገው አድማ ዋና ጥያቄም ይኸው ነበር፤ ቅጂ ሲሠራ ፈቃድና ክፍያ ይኑር። የማኅበር አባል ያልሆነው ፍሪላንሰር ግን ይህን ድርድር ብቻውን ነው የሚያደርገው።

የቱ ሥራ ይሄዳል፣ የቱ ይቀራል?

ሥራው በሙሉ ይጠፋል የሚለው ግምት የተጋነነ ይመስለኛል። እኩል ግን አይጎዳም። የስልክ መልስ ሰጪ፣ በየሳምንቱ የሚቀየር የሥልጠና ጽሑፍ፣ አነስተኛ በጀት ያለው ቪዲዮ ወደ ማሽን እየሄዱ ነው። የመጽሐፍ ትረካም ተነክቷል። አፕል በ2023 መጀመሪያ በማሽን የተተረኩ መጻሕፍትን ማቅረብ ጀመረ፤ ኦዲብልም በግንቦት 2025 ለአሳታሚዎች ከ100 በላይ የኤአይ ድምፆች እንደሚያቀርብ አስታወቀ። በአንጻሩ አዘጋጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እዚህ ጋ ሳቅህን ዋጠው» የሚልበት ሥራ፣ ገጸ ባሕርይ የሚፈልግ ሥራ፣ ዱቢንግ (የፊልም ንግግርን በሌላ ቋንቋ ድምፅ መተካት) ለጊዜው በሰው እጅ ናቸው።

ከዚህ ክፍፍል የሚመጣው መዘዝ ብዙ አይነገርለትም። ተራው ሥራ የጀማሪዎች ትምህርት ቤት ነበር። ሰው ማይክ ፊት መተንፈስን የተማረው አሰልቺ የሥልጠና ጽሑፍ እያነበበ ነው። ያ መሰላል ሲነሳ ላይኛው እርከን ላይ የሚቆም ሰው ከየት ይመጣል?

የራስን ድምፅ ቅጂ አከራይቶ ገቢ ማግኘት መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ። ሊሠራ ይችላል። ግን ቅጂው ለስንት ጊዜ፣ ለየትኛው ዘርፍ እንደሚውል፣ ማን እንደተጠቀመበት ለባለቤቱ መነገሩ፣ ውሉ ሲቋረጥም ከአገልግሎት መውጣቱ ካልተጻፈ፣ አከራዩ ከራሱ ጋር ተወዳድሮ ይሸነፋል።

ጽሑፍና ቅጂ በብዛት በሌለባቸው ቋንቋዎች የሚሠሩ ሰዎች «እኛ ጋ እስኪደርስ ገና ነው» ሲሉ ይሰማል። ማሽኑ በእነዚህ ቋንቋዎች ገና የሚንተባተብ መሆኑ እውነት ነው። እንዳይንተባተብ የሚያደርገው ግን የእነሱው ቀረጻ ነው፤ የሚጠየቁትም እንደ ተራ የንባብ ሥራ ነው። ሥራው ሲመጣ በጽሑፉ ይታወቃል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ስለ ዝናብ፣ ቀጣዩ ስለ ባቡር ትኬት፣ ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ነው፤ ሺህ ሁለት ሺህ ይሆናሉ፤ ታሪክም ምርትም የላቸውም። ደንበኛው ስሜት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጥርት ያለ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ንባብ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አድማጭ የለውም። የተጻፈው ለማሽን ማሠልጠኛ ነው፤ ዋጋውም በደቂቃ ሒሳብ አይወጣም።